ቤንጋሊ አራት ነጥቡን ለምን ከዴቫናጋሪ ይዋሳል? ስለ ዳንዳ ኢንኮዲንግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ገልፍ ውስጥ አንድ የሰራተኛ ማስታወቂያ በአረብኛ፣ በሂንዲ፣ በቤንጋሊ፣ አንዳንዴም በአማርኛ ጎን ለጎን ተጽፎ ይለጠፋል፣ የኔ ስራ ደግሞ እንደዚህ አይነቱን ወረቀት ማሰናዳት ነው፣ ቆይቶ ጽሁፍ የሚያጸዳ ትንንሽ ኮድም መጻፍ ጀመርኩ። ቤንጋሊ አልችልም። ግን የቤንጋሊ አረፍተ ነገር መዝጊያ፣ ዳንዳ የሚባለው፣ ያላሳየኝ ስቃይ የለም፣ ከዛ በኋላ የስራ ባልደረቦቼና ጓደኞቼ ያንኑ ጥያቄ እየደጋገሙ ሲጠይቁኝ መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ቁጥሮቹን በተለመደው የአስር አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጥበት የዓለም ስታንዳርድ) ሰንጠረዥ ላይ የምትፈልጉ ከሆነ ግን በአስራ ስድስት አቆጣጠር ዳንዳው 0964፣ ድርቡ 0965 ተብለው ነው የሚገኙት።

ዳንዳ ምንድነው ለመሆኑ?

የኛን የአራት ነጥብ ስራ የሚሰራ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ መስመር ነው። ቃሉ በሳንስክሪት ዱላ ወይ በትር ማለት ነው፣ እውነትም ዱላ ነው የሚመስለው። ሂንዲ ተናጋሪዎች ፑርና ቪራም ይሉታል፣ ሙሉ ማቆሚያ እንደማለት፣ ቤንጋሊዎቹ ደግሞ ዳሪ ነው የሚሉት። ሂንዲ፣ ቤንጋሊ፣ አሳሚዝ፣ ኦዲያ፣ ኔፓሊ፣ በጉርሙኪ የሚጻፈው ፑንጃቢም ዛሬ ድረስ አረፍተ ነገር የሚዘጉት በሱ ነው። ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ሲቆም ድርብ ዳንዳ ይባላል፣ እሱ በብዛት የግጥምና የሃይማኖት ጽሁፍ ነው፣ በሳንስክሪት ስንኝ ግማሹ ላይ ነጠላው ይገባል መጨረሻው ላይ ድርቡ።

የቤንጋሊ ብሎክ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፣ ረስተውት ነው?

አልረሱትም። ዩኒኮድ ለቤንጋሊ የሰጠው ቦታ፣ ብሎክ የሚባለው፣ ከ2432 እስከ 2559 ያለውን ነው፣ 128 ቤቶች። ዳንዳው የተቀመጠው ግን 2404 ላይ ነው ድርቡ ደግሞ 2405 ላይ፣ ይሄ የዴቫናጋሪ (ሂንዲ የሚጻፍበት ፊደል) ሰፈር ነው፣ እሱ ከ2304 እስከ 2431 ድረስ ይሄዳል። በጣም የሚገርመው ቤንጋሊ ብሎክ ውስጥ ልክ በዛው አቀማመጥ፣ 2532 እና 2533 ላይ፣ ሁለት ባዶ ቤቶች አሉ፣ ሰንጠረዡም ላይ ለማቆሚያ ምልክት የጋራዎቹን 0964 እና 0965 ተጠቀሙ የሚል ማስታወሻ ተጽፎባቸዋል። ጉርሙኪም ጉጃራቲም ኦዲያም ታሚልም ቴሉጉም ካናዳም (አገሩን ሳይሆን ፊደሉን) ማላያላምም ጋ ብትሄዱ ያው ሁለት ባዶ ቤት ነው የምታገኙት። ማለትም ሆን ተብሎ ክፍት ተትቷል፣ ዘጠኙም ፊደላት ከአንድ ማሰሮ ነው የሚቀዱት።

ማነው እንደዚህ ያደረገው ታዲያ?

ከዩኒኮድ በፊት ህንድ የራሷ የኮድ ስታንዳርድ ነበራት፣ ኢስኪ ይባላል፣ በ1991 አይኤስ 13194 ተብሎ የወጣው ማለት ነው፣ ዩኒኮድ መነሻ ያደረገው ግን ከሱ ቀደም ያለውን የ1988ቱን እትም ነው። የኢስኪ ሀሳብ ቀላልና ብልህ ነበር፣ እነዚህ ፊደላት ሁሉ የብራህሚ (የጥንት የህንድ ፊደል) ልጆች ስለሆኑ «ካ» የሚለው ድምጽ በሂንዲም በቤንጋሊም በታሚልም አንድ ቁጥር ይኑረው፣ መልኩን የሚቀይረው የምትመርጡት ፊደል ይሁን የሚል። ስለዚህ ዳንዳውም እዛ አንድ ቁጥር ነበረው ለሁሉም።

ዩኒኮድ ሲመጣ ፊደሎቹን ለያያቸው፣ ለእያንዳንዱ 128 ቤት ሰጠ፣ የውስጥ አቀማመጣቸውን ግን ከኢስኪ እንደወረሰው አቆየው። ለዚህ ነው የዴቫናጋሪ «ካ» 2325 ላይ ሆኖ የቤንጋሊው «ካ» 2453 ላይ የሆነው፣ ልዩነቱ በትክክል 128፣ ሌሎቹንም ብታሰሉ አብዛኛው እንደዛው ነው የሚወጣው። ፊደል ሲካፈል ማቆሚያ ምልክቱ ግን ሳይካፈል ቀረ፣ ልክ ወንድማማቾች መሬቱን ተካፍለው የውሃ ጉድጓዱን በጋራ እንደሚተዉት። ጉድጓዱ ደግሞ የሆነ ሰው ግቢ ውስጥ መገኘቱ አይቀርም፣ እዚህ ታላቅየው ዴቫናጋሪ ግቢ ሆነ።

ስሙ ግን «ዴቫናጋሪ ዳንዳ» ነው፣ ቤንጋሊዎችን አያናድድም?

የሚያናድዳቸው አሉ፣ አልፈርድባቸውም። አንድ የባንግላዴሽ ልጅ አብሮኝ ሲሰራ ይሄን ሳሳየው መጀመሪያ ሳቀ ከዛ ዝም አለ፣ ባንግላዴሽ ማለት በ1952 ቋንቋችን ይከበር ብለው ሰዎች የሞቱባት አገር ነችና የአረፍተ ነገራችሁ መዝጊያ የሌላ ፊደል ስም አለው ስትለው ደስ አይለውም።

ግን ስም ዩኒኮድ ውስጥ መለያ ታርጋ ብቻ ነው፣ አንዴ ከወጣ ደግሞ አይቀየርም፣ ስህተት እንኳን ቢሆን አይነኩትም ምክንያቱም ስሙን ይዘው የሚሰሩ ፕሮግራሞች ይሰበራሉ። 2547 ላይ ያለውን ምልክት ተመልከቱ፣ ስሙ «የቤንጋሊ ሩፒ ምልክት» ነው፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ግን ለታካ ነው የሚጽፉበት፣ ሰዉም ይጠቀምበታል ገንዘቡም ታካ ነው። አሳሚዝ ተናጋሪዎችም ብሎኩ «ቤንጋሊ» ተብሎ መጠራቱ ይቆጫቸዋል፣ ፊደላቸው እዛው ውስጥ ስለሆነ። ከስሙ ይልቅ ማየት ያለባችሁ ባህሪውን ነው፣ የዳንዳው ስክሪፕት (የየትኛው ፊደል ነው የሚለው መረጃ) ምንድነው ብላችሁ የዩኒኮድን ዳታ ብትጠይቁ «የጋራ» ነው የሚላችሁ፣ ዴቫናጋሪ አይልም። ከዛ ሌላ ስክሪፕት ኤክስቴንሽን የሚባል ዝርዝር አለ፣ ይሄን ምልክት እነማን ይጠቀሙበታል የሚለውን የሚናገር፣ ቤንጋሊ እዛ ውስጥ ከነጉጃራቲ ከነኦዲያ ጋር ተጽፏል።

በነገራችን ላይ ኮማውም የጥያቄ ምልክቱም የነሱ አይደለም፣ 44 እና 63 ላይ ያሉት የእንግሊዝኛዎቹ ናቸው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው ወደ ቤንጋሊ ጽሁፍ የገቡት፣ የቤንጋሊው ምሁር ኢሽዋር ቻንድራ ቪድያሳጋርም ለዚህ ስሙ ይነሳል። ስለነሱ የሚያለቅስ ሰው አላየሁም። ቅር የሚያሰኘው የጎረቤት ስም ሲሆን ነው መሰለኝ።

ቲቤት የራሱ አለው፣ በርማ የራሱ አለው፣ ቤንጋሊ ምን አጎደለ?

ልክ ነው፣ የቲቤት ሻድ 3853 ላይ ለብቻው ነው፣ በርማ 4170 ላይ አለው፣ ክመርም አለው፣ ህንድ ውስጥ እንኳን ሜቴይ ማየክ፣ ሳውራሽትራ፣ ሻራዳ፣ ካይቲ የሚባሉት ለየራሳቸው ዳንዳ ተሰጥቷቸዋል፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ያለው ቻክማም እንደዛው። የቲቤትና የበርማው ጉዳይ ግልጽ ነው፣ ቅርጹም አጠቃቀሙም ሌላ ነው። የነሻራዳ ግን ዘግይተው ስለገቡ እያንዳንዱ ለብቻው እየታየ የተወሰነ ነው፣ እንደኔ ከሆነ ወጥ የሆነ መርህ ፈልጋችሁ ብትደክሙ አታገኙም።

ለዘጠኙም ይለያይልን የሚል ሀሳብ ለዩኒኮድ ቀርቦ ያውቃል፣ ግን እስከዛሬ የጋራ ነው፣ እኔም የጋራ መሆኑ ነው ልክ የሚመስለኝ። ዛሬ 2532 ላይ «የቤንጋሊ ዳንዳ» ቢከፈት ምን ይመጣል? እስከዛሬ የተጻፈው ቤንጋሊ ሁሉ በ2404 ነው ያለው፣ ነገ ግማሹ ሰው በአዲሱ ይጽፋል ግማሹ በአሮጌው፣ በአይን ሲታዩ አንድ ናቸው ኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ይላል፣ ሰርች ይሳሳታል፣ ኪቦርዶች በየፊናቸው ይሄዳሉ፣ በዛ ላይ ሁለት መንታ የሚመስል ምልክት ለአጭበርባሪም ይመቻል። ባዶዎቹ ቤቶች ባዶ ሆነው ቢቀሩ ይሻላል።

ጽሁፍ አጽድቼ አረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ተጣበቁብኝ፣ ምን ሆኖ ነው?

ይሄ ጥያቄ ነው ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ። ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው፣ የቤንጋሊ ጽሁፍ ከኢንተርኔት ትሰበስባላችሁ፣ ውስጡ እንግሊዝኛም ኢሞጂም ቆሻሻም አለበት፣ ከዛ «ከቤንጋሊ ፊደል ውጪ ያለውን ሁሉ አጥፋ» የሚል ሪጄክስ (ጽሁፍ ውስጥ የሚፈለገውን የሚለይ አጭር ኮድ) ትጽፋላችሁ፣ ከ2432 እስከ 2559 ያለውንና ስፔሱን ብቻ አስቀር የሚል። ያምራል፣ ይሰራል፣ ኤረር የለውም። ዳንዳው 2404 ላይ ስለሆነ ግን ሙልጭ ብሎ ይጠፋል፣ አንድም አይቀርም፣ የመቶ ገጽ ጽሁፍ አንድ አረፍተ ነገር ይሆናል።

እኔ ይሄን ሰርቼ ለሶስት ቀን አላወቅኩም፣ ቤንጋሊ ስለማላነብ ስክሪኑን ሳየው ሙሉ ነው የሚመስለው፣ በኋላ አረፍተ ነገር የሚቆጥረው ፕሮግራም «1» ብሎ ሲያወጣልኝ ፕሮግራሙን ነበር የተሳደብኩት። ባለቋንቋው ልጅ አየት አድርጎ ዳሪዎቹ የት ሄዱ አለኝ፣ በአንድ ሰከንድ። የኢንተርኔት ጽሁፍ ከሚያጸዱት ውስጥ ይሄ ጉድጓድ ውስጥ የገባሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ብሎክና ፊደል አንድ ናቸው ብሎ ማሰብ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፣ ብሎክ ማለት ግን አድራሻ ብቻ ነው፣ ሰውየው ጎረቤት ግቢ ስለተኛ የቤተሰቡ አባል አይደለም ማለት አይደለም እኮ።

መፍትሄው፣ በሬንጅ፣ ከዚህ ቁጥር እስከዚህ እያላችሁ፣ የምትሰሩ ከሆነ 2404ን እና 2405ን በእጃችሁ ጨምሩ፣ ሁለት ቁጥር ናት ምንም አትከብድም። የምትጠቀሙበት ሪጄክስ የዩኒኮድ ባህሪ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ «ስክሪፕቱ ቤንጋሊ የሆነ» አትበሉት ዳንዳውን አያመጣላችሁም (ስክሪፕቱ «የጋራ» ነው አልኩ አይደል)፣ «ስክሪፕት ኤክስቴንሽኑ ውስጥ ቤንጋሊ ያለበት» በሉት ያኔ ይመጣል፣ ጃቫስክሪፕት ከ2018 ጀምሮ ይሄን ይችላል። ዜሮ ስፋት ያላቸውን ለያይና አገናኝ ምልክቶችም፣ 8204 እና 8205ን፣ አትርሱ፣ እነሱም የቤንጋሊ ብሎክ ውስጥ የሉም፣ ቤንጋሊ ውስጥ አንዳንድ የተያያዙ ፊደሎች ያለነሱ ቅርጻቸው ይቀየራል ማለት ቃሉ ራሱ ሌላ ይመስላል።

አረፍተ ነገር መቁረጥ ላይ ግን ዩኒኮድ ረድቷችኋል፣ ዳንዳውን አረፍተ ነገር የሚዘጋ ብሎ መዝግቦታል፣ ህጉን የሚከተል መቁረጫ ከተጠቀማችሁ ራሱ ያውቀዋል። ነጥብን ብቻ እየፈለገ የሚቆርጥ ኮድ ከሆነ ያላችሁ፣ ጣሉት።

ዳንዳው ከፊደሎቹ ወፍሮ ወይ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ለምን?

ፎንቱ ነው። የመረጣችሁት የቤንጋሊ ፎንት 2404ን ውስጡ ካላስገባ ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ይበደራል፣ ብዙ ጊዜ ከሂንዲው፣ ያ ደግሞ ውፍረቱም ቁመቱም የራሱ ነው። የመጀመሪያው ማስታወቂያዬ ላይ እያንዳንዱ አረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሚስማር የተመታ ይመስል ነበር። ጥሩ የቤንጋሊ ፎንቶች ሁለቱንም ዳንዳ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ከራሳቸው ፊደል ጋር በሚስማማ መልክ ተስለው፣ ብዙ ፊደል በአንድ ላይ የያዘ ፎንት ከሆነ ደግሞ ከፊቱ ያለው ጽሁፍ ቤንጋሊ መሆኑን አይቶ የቤንጋሊውን መልክ እንዲያወጣ ተደርጎ ሊሰራ ይችላል፣ የጋራ ምልክት የፊቱን ፊደል ስክሪፕት ስለሚወርስ። ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ነው ማለት መልኩ አንድ መሆን አለበት ማለት አይደለም፣ የመልክ ቅሬታ ያለው ሰው ወደ ፎንት ሰሪው ይሂድ።

ዌብሳይት የምትሰሩ ሰዎች ሌላም ወጥመድ አለባችሁ፣ ፎንቱ እንዲቀል ብላችሁ የቤንጋሊ ብሎኩን ብቻ ቆርጣችሁ ስታስቀሩ ዳንዳው ተቆርጦ ይወድቃል። ጉግል ፎንትስ የቤንጋሊውን ክፍል ሲያቀርብ ሁለቱን ዳንዳዎች አብሮ ያስገባቸዋል፣ ከሱ ኮርጁ።

ሰዎች ኪቦርድ ላይ ያለችውን ቀጥ ያለች መስመር ይጽፋሉ፣ ችግር አለው?

አለው። እሷ ፓይፕ ናት፣ ቁጥሯ 124፣ የፕሮግራመሮች ምልክት ናት እንጂ አረፍተ ነገር አትዘጋም። በአይን ትመስላለች፣ ሰርችና መቁረጫው ግን አያውቃትም። ትልቁን የእንግሊዝኛ «አይ» የሚያስገቡም አሉ፣ አይቻለሁ።

ሁለት ነጠላ ዳንዳ ብጽፍ ድርቡ ጋ እኩል ነው?

አይደለም። 2404ን ሁለቴ መጻፍና 2405ን አንዴ መጻፍ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን የሚባለው፣ የተለያየ አጻጻፍን ወደ አንድ የሚያመጣው ነገርም አያገናኛቸውም፣ ስለዚህ ራሳችሁ ካልቀየራችሁት እንደተለያዩ ይኖራሉ።

ይሄን ስታነቡ ፈገግ ያላችሁ የኔ አይነት አማርኛ ጸሀፊዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም እኛም እዛው ነን። አራት ነጥብ ዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው፣ 4962፣ እኛ ግን ሁለት ነጥብን፣ 4961ን፣ ሁለቴ መትተን ፡፡ ብለን እንጽፋለን፣ ሲታይ ። ይመስላል። የእንግሊዝኛውን ኮለን ሁለቴ የሚመታውም ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ኖርማላይዜሽኑ እዚህም አያድነንም። የአማርኛ ጽሁፍ የምታጸዱ ሰዎች መጀመሪያ ፡፡ን ወደ ። ቀይሩ፣ ከዛ ነው ሌላው ስራ።

ሌላው ደግሞ፣ የኛ አራት ነጥብም የጋራ ነው እኮ፣ አማርኛ አራት ነጥብ ትግርኛ አራት ነጥብ የሚባል የለም፣ ግዕዝም አማርኛም ትግርኛም ኤርትራ ውስጥ የሚጻፈውም ያው 4962 ነው። ልዩነቱ እኛ አንድ ፊደል ስለምንጋራ ማንም ልብ አላለውም፣ እነሱ ግን ዘጠኝ ፊደል ሆነው አንድ ዱላ ተጋርተው ነው።

ከዳንዳው በፊት ስፔስ ይገባል ወይስ አይገባም?

ሂንዲ ላይ ስፔስ ማስገባት የለመዱ ብዙ ናቸው፣ ቤንጋሊም ላይ ያጋጥማል። አይን ላይ ትንሽ ክፍተት ያምራል፣ ግን ተራ ስፔስ ካስገባችሁ መስመሩ ሲሞላ ዳንዳው ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ይወርድና መጀመሪያ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ያለስፔስ ከተጣበቀ ግን አይወርድም። ክፍተቱን ፎንቱ ውስጥ ማድረግ ነው የሚሻለው፣ ካልሆነ የማይሰበረውን ስፔስ 160ን ተጠቀሙ።

እንደ ዳንዳው በጋራ የሚያዝ ሌላ ምልክት አለ?

አለ። 2385 እና 2386 ላይ ያሉት የቬዳ (የጥንት የሂንዱ ቅዱሳን ጽሁፎች) ዜማ ምልክቶች ዴቫናጋሪ ብሎክ ውስጥ ሆነው ሌሎችም ፊደላት ይጠቀሙባቸዋል፣ በ2009 ደግሞ ለቬዳ ምልክቶች ራሱን የቻለ ብሎክ ተጨመረ። የምህጻረ ቃል ምልክት ግን ተለያየ፣ የዴቫናጋሪው 2416 ነው ቤንጋሊ የራሱን 2557 በ2017 አግኝቷል። አይታችኋል፣ ቤንጋሊ የተለየ ነገር ሲኖረው ይሰጠዋል።

ታሚልና ማራቲ ላይ ዳንዳ አላየሁም፣ ስህተት ሰርቼ ነው?

አይ፣ ማራቲ በዴቫናጋሪ ቢጻፍም አረፍተ ነገር የሚዘጋው በተራ ነጥብ ነው፣ ጉጃራቲም ዛሬ በብዛት እንደዛው፣ የደቡቦቹም ታሚል፣ ቴሉጉ፣ ካናዳ፣ ማላያላም ነጥብ ነው የሚጠቀሙት። ዳንዳው እነሱ ጋ የድሮ ግጥምና የጸሎት ጽሁፍ ላይ ነው የሚገኘው። ስለዚህ «ህንድኛ ነው» ብላችሁ ነጥቡን ሁሉ በዳንዳ አትተኩ፣ አንድ ደንበኛ ማራቲውን እንደዛ አድርጎ አምጥቶልኝ ሁለት ቀን መልሰን ስናስተካክል ነበር።

ኪቦርድ ላይ እንዴት ነው የማገኘው?

ሂንዲ ኢንስክሪፕት የሚባለው ኪቦርድ ላይ ሺፍት ይዛችሁ ነጥቧን ስትጫኑ ይመጣል። ቤንጋሊ ላይ አቭሮ የሚባለውን ፎነቲክ ኪቦርድ ከጫናችሁ ደግሞ ነጥብ ስትመቱ ራሱ ዳንዳ ያደርገዋል፣ ለዚህ ነው ባንግላዴሾቹ ብዙዎቹ ከየት እንደሚመጣ እንኳን አስበውት የማያውቁት። ምንም ኪቦርድ ከሌላችሁ ከአንድ የቤንጋሊ ዜና ላይ አንዴ ኮፒ አድርጋችሁ ኖት ውስጥ አስቀምጡት፣ ኤችቲኤምኤል ላይ ከሆነ । ብላችሁ ጻፉት፣ ሰሚኮለኗን እንዳትረሱ።